ዳቦ ጋጋሪ የሌለበት ልብ ወለድ

ጋስፓር ቪዬማን በመንደራችን በቫልፍሯድ ተወልዶ፣ ፓሪስ ሄዶ ጋዜጠኛ ሆኖ፣ ከፓሪስም የተመለሰ ሰው ነበር። ለምን እንደተመለሰ ሲጠየቅ የተራራው አየር ናፍቆኝ ነው ይላል። እናቱ ማዳም ክሎቲልድ ግን አባረውት ነው ይላሉ። እኛ እናቱን እናምናለን።

ከዚያ ወዲህ ለአውራጃው ጋዜጣ የኛን አካባቢ ወሬ ይጽፍ ነበር፦ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ የማን ላም ተሸለመች፣ ትልቁን እንጉዳይ ማን አገኘ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለራሱ ልብ ወለድ ይጽፋል። ልብ ወለዱን ያየው ሰው አልነበረም። ሁላችንም ግን ውስጡ እንዳለንበት እርግጠኞች ስለነበርን፣ መንገድ ላይ ስናገኘው ደረታችንን ነፋ አድርገን እናልፍ ነበር።

የአውራጃ ጋዜጣ አንድ ሕግ አለው። ፎቶግራፍ ካወጣህ ከሥሩ ከግራ ወደ ቀኝ የሁሉንም ስም ትጽፋለህ። ሚኒስትር ብትሰድብ ይረሳልሃል፤ ፎቶው ላይ የቆመ ሰው ስም ከዘለልክ ግን የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ ይቀየሙሃል። ጋስፓር ይህን ሕግ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ነፋስ መጣበት።

የቅድስት ባርባራ ዕለት ነው፣ የመንደሩ እሳት አጥፊዎች በዓል። ጋስፓር እንደ ልማዱ ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ አሰልፎ ሊያነሳቸው ሲል ነፋስ ባንዲራውን አንስቶ የጥሩምባ ነፊው ፊት ላይ ለጠፈው። የእሳት አጥፊዎቹ ጥሩምባ ነፊ ፌርናን ዣኮ ነው፤ የመንደሩ ብቸኛ ዳቦ ጋጋሪ። ጋዜጣው ሲወጣ የአለቃው ስም አለ፣ የምክትሉ አለ፣ የአለቃው ውሻ ስም እንኳ አለ። የፌርናን የለም።

ጋስፓርና ፌርናን በልጅነታቸው በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። በማግስቱ ጋስፓር ዳቦ ሊገዛ ሲገባ፣ ፌርናን እጁን በሽርጡ ጠራርጎ፣ «ምን ልታዘዝዎ፣ ሙሲዬ ቪዬማን?» አለው። ጋስፓር ነገሩ የገባው ከዚህ አንቱታ ነው። ዳቦው ሁሉ ለሌላ ሰው የታዘዘ ነው ተባለ። መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ሙሉ ነበር።

ጋስፓር ጥፋቱን ለማረም ተጣደፈ፤ ባይጣደፍ ይሻለው ነበር። በሳምንቱ፣ ከከብት ገበያ ዋጋ ሥር፣ ማረሚያ አወጣ፦ «ባለፈው ፎቶግራፍ ከባንዲራው ኋላ የሚታየው፣ ጥሩምባ የያዘው እጅ የሙሲዬ ፌርናን ዣኮ ነው።»

ቀትር ሳይሆን መንደሩ ፌርናንን «እጁ» ብሎ ጠራው። ሴቶቹ ዳቦ ሊገዙ ሲገቡ እጁ እንዴት አደረ ይሉታል። ቄሱ ሳይቀሩ ቀኙ ነው ግራው ብለው ጠየቁት። ያን ዕለት ፌርናን ማለ፤ እሱ በሕይወት እያለ ያ ሰው ፍርፋሪውን እንደማይቀምስ።

ዳቦ የሌለው ሰው አይቡን በምን ይበላል? ጋስፓር ብስክሌቱን ይዞ ወደሚቀጥለው መንደር ሄደ። የዚያ መንደር ጋጋሪ የፌርናን የአክስት ልጅ ነው፤ ጋዜጣም ያነባል። ባዶ እጁን ተመለሰ። ጎረቤት ልኮ ሊያስገዛ ሞከረ፤ ጎረቤቶቹ ከፌርናን ጋር ተጣልተው ኬክ የሌለበት እሑድ ማሳለፍ አልፈለጉም።

እናቱ ይቆሙልኛል ብሎ ነበር። ማዳም ክሎቲልድ ግን እኔም ብሆን አልሸጥልህም አሉት። ለሳቸው ፌርናን ግማሽ ዳቦ ይሸጥላቸዋል፤ ለልጃቸው እንዳያካፍሉ በሟች ባላቸው አስምሎ። እሳቸውም መሐላ ያከብራሉ። ጋስፓር ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ የፋብሪካ ብስኩት ሲያኝክ፣ እሳቸው ቅርፊቱን ቀሽ ያደርጉታል።

«እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ብትበዪው ምናለ?»

«ጥሩ ዳቦ መጮህ አለበት» አሉት።

እንዲህ ከስቶ ሳለ ነው ልብ ወለዱ ፓሪስ ታትሞ የመጣለት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትንባሆ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ብዕሩን ከፍቶ ሊፈርምልን ተቀመጠ። እኛም ሄድን። ቆመን ገለጥን፣ ራሳችንን ፈለግን። ራሱን ያገኘ ተቆጣ፣ ያላገኘ ደግሞ የባሰ ተቆጣ። ከዚያ መጽሐፉን ቦታው መልሰን ምሳችንን ልንበላ ሄድን። አንድ ቅጂ ብቻ ተሸጠ። የገዛችውም የፌርናን ሚስት ሉሴት ናት፤ ባሏ ምን ተሰድቤ ይሆን ብሎ ልኳት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ እናትና ልጅ ምሳ ላይ እንዳሉ ፌርናን መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ገባ። ገጾቹ ሁሉ ዱቄት ነክቷቸዋል። ሳይቀመጥ፣ «ጨረስኩት» አለ።

የጋስፓር ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። ይህን ቃል ከሰው አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። «እስከ መጨረሻው?»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ያለፈኝን እንኳ ተመልሼ አንብቤዋለሁ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይሄ መንደርዎ አንጥረኛ አለው። ቄስ አለው። ሁለት ሰካራም አለው።»

«አለው።»

«ዳቦ ጋጋሪው የታለ?»

ጋስፓር ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለሰ።

«መበለቷ ሾርባዋን ትጠጣለች። ሳህኑን በምን ልትጠርገው ነው፣ በጣቷ? ሠርጉ ላይ ሰው ሁሉ ጠገበ ትላለህ። በምን ጠገበ፣ በንግግር?»

«እውነቱን ነው» አሉ ማዳም ክሎቲልድ። ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለውም፣ «አንቱታውን ትቶ አንተ ብሎሃል፤ ዝም በል» አሉት።

«ያኔስ ይሁን፣ ነፋስ ነው እንበል» አለ ፌርናን። «እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ምን ነፋስ ገባ?»

ጋስፓር ነገሩ የጥበብ ምርጫ እንደሆነ ማስረዳት ጀመረ። የፌርናንን ዓይን ሲያይ ተወው። «ረሳሁት» አለ። «ዳቦውን በየቀኑ እበላ ስለነበር ረሳሁት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ከሱ ሌላ የማስበው የለም።»

ፌርናን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ውሳኔውንም ተናገረ፦ ከነገ ጀምሮ ጋስፓር እንደ ሰው ዳቦ ይገዛል። የሚቀጥለው መጽሐፍ ዳቦ ጋጋሪ ይኖረዋል። ፓሪስ ከመላኩ በፊትም ፌርናን ያነበዋል። ማዳም ክሎቲልድ ስምምነቱ እንዳለቀ አይተው፣ ከመሐላቸው ተፈተው የተረፋቸውን ቁራሽ ለልጃቸው ገፋ አደረጉለት። ጋስፓር እያኘከ እሺ አለ።

ፌርናን ቀላል አራሚ አልነበረም። ሊጡ መቼ ተቦካ፣ እንጨቱ ምን እንጨት ነው፣ ይህቺ ሴት ገጽ ሙሉ ስታለቅስ ልጇን ማን ይዞላታል ይላል። የቀረበለት ምዕራፍ ካላማረው የትናንት ዳቦ ይሰጠዋል፣ ካማረው ከምድጃ የወጣውን። ስለዚህ ጋስፓር ከዳቦ ቤቱ ሲወጣ በብብቱ የያዘውን አይተን፣ መጽሐፉ እንዴት እየሄደ እንዳለ እናውቅ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ የደረቀ ዳቦ ተሸክሞ ሲመላለስ አይተን ያዘንለት አለን። የዚያን ክረምት ምዕራፎች በኋላ ጋስፓር ራሱ ምድጃ ውስጥ ከተታቸው፤ ለጋዜጣው መጻፉን ግን አንድም ቀን አላቋረጠም፣ የማንንም ስም አልዘለለም።

ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ አንድ የፓሪስ ሐያሲ ስለሱ ጻፈ። ጋስፓር ጽሑፉን ይዞ ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጠ። ሰልፍ ላይ ነበርን፤ ጮክ ብሎ አነበበልን። ሐያሲው፣ ጋጋሪው እግዚአብሔር ነው ይላል። በመጀመሪያው መጽሐፍ አለመኖሩ ሰው ፈጣሪውን ያጣበት ዘመን ነው፣ በሁለተኛው መምጣቱ ተስፋ ነው ይላል።

ፌርናን ዳቦ የሚያወጣበትን አካፋ ግድግዳ ላይ አስደግፎ አሰበ። «መጀመሪያው ላይ ያልነበርኩት ለዚህ ነው ይላል?»

«አዎ። አለመኖርህ ጥልቅ ነው ይላል።»

«ይሄ ሰውዬ ዳቦ የሚገዛው የት ነው?»

«ፓሪስ።»

«እንደሱ በለኛ፤ ጋጋሪ የት ያውቃል!» አለና ወደ ምድጃው ዞረ።