በርበሬው ውስጥ የተደበቁት ባጆች

አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ምናለሽ ተራ አንድ ነጋዴ ጣሳውን ሲገለብጠው የድሮ የዘመቻ ባጆች መደቡ ላይ ተንቃጨሉ። እነዚህን መሰብሰብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ድምፃቸውን ስሰማ ግን ሁልጊዜ አንድ ጠዋት ትዝ ይለኛል።

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወርዶ በማስተማሩ ለተሸለማቸው ባጆች ይሳሳ ነበር። ጎረቤቶቻችን የወደቀው መንግሥት ደጋፊ እንዳይባሉ ፈርተው ባጆቻቸውን ሽንት ቤት ውስጥ ሲጥሉ እሱ እምቢ አለ። እናቴ በርበሬ በረንዳ በሚባለው ገበያ በርበሬ ትነግድ ስለነበር ጆንያዋ ውስጥ ቀበረችለት።

ያን ጠዋት ወታደሮች መሣሪያ ፍለጋ ቤታችን ገቡ። አንደኛው እጁን ጆንያው ውስጥ ከተተና እያስነጠሰ ባጆቹን አወጣ። እናቴ ትከሻዬን ጨምድዳ ይዛ «ዝም በይ» አለችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ወታደሩ።

«ፊደል ያስቆጠርኩበት ነው» አለ አባቴ።

ወታደሩ አንዱን ባጅ በእጅጌው ጠርጎ ብዙ አየው። «እኔም ማንበብ የተማርኩት ያኔ ነው» አለና ሁሉንም አባቴ መዳፍ ላይ አኖረለት።

እንደወጡ እናቴ መሬት ላይ ዘፍ ብላ «አልሀምዱሊላህ፣ ዛሬ ገና ተወለድክ» አለችው። ትልቅ ሰው እንዴት ዛሬ ይወለዳል ብዬ ግራ ገባኝ፤ እነሱ ሲስቁ ግን እኔም ሳቅሁ።

ምናለሽ ተራ የመረጥኳቸውን ባጆች ከነጋዴው ገዝቼ ለአባቴ ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ እያነሳ፣ የትኛው የየትኛው ዘመቻ እንደነበር፣ አሁን የሚደብቀው ስለሌለ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ጮክ ብሎ አወራልኝ።