ሸክላ የምታዳምጠው ሴት

በፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢፈለግ ምናልባት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ «ጆሮ» ነች። ወጣቶቹ ትንሽ አክብሮት ይጨምሩና «እማማ ጆሮ» ይሏታል። አዲስ የተቀጠረ ሰው ይህን ቅጽል ሲሰማ ወሬ አቀባይ እየመሰለችው አጠገቧ ሲደርስ አፉን ይለጉማል። እሷም ነገሩ ይገባትና «አይዞህ፣ እኔ የምሰማው የሸክላ ሐሜት ነው» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ይግባባሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገቧ መቀመጥ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ ታስቀዋለቻ።

ሥራዋ ለማያውቀው ሰው ሲነገር ጨዋታ ይመስላል። ፋብሪካው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ይሠራል። ከምድጃው የሚወጣው ሸክላ ነጭ ነው፣ መዳፍ ያህላል፣ ስድስት ማዕዘን አለው፤ ተደርድሮ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። አንዱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ትይዝና በትንሽ የነሐስ መዶሻ ጠርዙን መታ ታደርገዋለች። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ድምፁም ቶሎ አይሞትም። ውስጡ ስንጥቅ ያለበት «ዷ» ብሎ ጸጥ ነው። የጮኸው አረንጓዴ ነጥብ ይደረግበትና ያልፋል፤ የደነዘዘው ቀዩ ሣጥን ውስጥ ይወረወራል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ለዚህ ሲባል ክፍሏ ግድግዳው ስፖንጅ ለብሶ፣ በሩ እንደ ባንክ ካዝና ወፍሮ፣ ለብቻዋ ተሰጥቷታል።

መዶሻና ሸክላ ከጦርነት ጋር ምን እንዳገናኛቸው ለሠራተኞቹ ያስረዳቸው ንድፍ አውጪው መሐንዲስ ነበር፤ እጁን ሳያወራጭ አንድ ቃል የማይወጣው ሰው። ጥይት እንዳይበሳው ብለን ብረቱን ብናወፍረው፣ አላቸው፣ ተሽከርካሪው ድልድይ ይሰብራል፣ ሞተሩም ዳገቱን ሳያጋምስ ያለከልካል። ስለዚህ ብረቱን አሳስተን ከፊቱ ሸክላ እንለጥፋለን፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ጨርቅ የተሸመነ ጠንካራ ክር። ሸክላው ከብረትም በላይ ጠጣር ስለሆነ የጥይቱን ሹል አፍንጫ ይሰባብረዋል። ራሱም አብሮ ይደቅቃል፤ የተረፈውን ፍንጣሪ ብረቱና ክሩ ይይዙታል። አስቀድሞ የተሰነጠቀ ሸክላ ግን ጥይቱን ምንም ሳይጎዳው ብትንትን ይላል፤ ያኔ ያ የሳሳ ብረት ብቻውን ይቀራል። ከብረቱ ኋላ ምን እንዳለ ጠየቃቸውና መልሳቸውን ሳይጠብቅ «ሰው» አለ። ጆሮ ያን ቀን ወደ ክፍሏ ስትመለስ መዶሻውን ያነሳችበት እጇ ከብዷት ነበር።

ጆሮዋ መቼ መድከም እንደ ጀመረ እሷም አታውቀውም። በአንድ በኩል የሸክላው መጭመቂያ ማሽን ሲደበድብ ይውላል፣ በሌላ በኩል ከግቢው ጀርባ የተኩስ መሞከሪያው አለ፤ ስፖንጁ ከማን ከማን ይከልላት? መጀመሪያ የስልኳ ጥሪ ጠፋት። ቀጥሎ ማለዳ ማለዳ መስኮቷ ላይ የሚንጫጩት ወፎች ዝም አሉ፤ ዘንድሮ ወፍ የለም እንዴ ስትል ጎረቤቷ ግራ ገብቷት አየቻት። የሰው ጆሮ ሲደክም ቀድሞ የሚርቀው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የጤነኛ ሸክላ ጩኸት ደግሞ ቀጭን ነው። ማሽኖቹ ሲያጓሩ ትሰማለች፣ ወንዶች ሲያወሩ ትሰማለች፤ የምትኖርበትን ያንን አንድ ድምፅ ብቻ አጣችው። ሸክላው ሲመታ ጣቷ ላይ የሚሰማትን ንዝረት እየተከተለች «ጣቴም ያው ጆሮዬ ነው» ብላ ራሷን አጽናናች። ሰው ራሱን ሲያታልል ጎበዝ ነው።

ለምን አልተናገረችም ይባል ይሆናል። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷና ልጇን ያኖረ ይህ ወንበር ነው፤ ጡረታዋ ገና አልደረሰም። ከዚያ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው፤ የማትሰማ ከሆነች ማን ተብላ ትጠራለች? ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለች። ሰው ሲያናግራት ከንፈሩን ማየት ለመደች፤ ያልገባት እንደሆነ በቀልድ ታልፈዋለች። በየዓመቱ ጆሮዋን ይመረምር የነበረው ሐኪም መምጣት ማቆሙን ስትሰማም ተመስገን አለች።

አንድ ቀን ሸክላውን ብረቱ ላይ የምትለጥፈው ጓደኛዋ፣ ሙጫ የሚሏት፣ በሩን ከፍታ ገባች። ሙጫ ወሬ ሳትጀምር ገብታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ምንም ሳትል መሐረቧን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ውስጡ ሁለት ቦታ የተከፈለ ሸክላ አለ፤ አንደኛው ቁራጭ ላይ አረንጓዴ ነጥብ።

«እጄ ላይ ነው የተከፈለው። አልጣልኩትም፣ አልመታሁትም» አለች ሙጫ።

ጆሮ ከምድጃ ቤት ሲያመጡት አንገጫግጨውት ይሆናል አለች። ሙጫም ይሆናል አለች፤ ፊቷ ግን ሌላ ይናገር ነበር። ስትወጣ ጆሮ በሩን ዘጋችና ከቀዩ ሣጥን ግርጌ ስንጥቁ በዓይን የሚታይ አንድ አሮጌ ሸክላ አውጥታ በመዶሻው መታችው። ቀጥላ ደህናውን መታች። አሁንም የተሰነጠቀውን፣ አሁንም ደህናውን። አንድ ናቸው። ጣቴ ይሰማል ያለችው ጣት እንኳ አልለየውም። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ከዚያ ጠረጴዛ በአረንጓዴ ነጥብ አልፈው የሄዱትን ማሰብ ጀመረች፤ ሐሳቡን ግን አልጨረሰችውም፣ ፈራችው።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ። በዚያው ሳምንት ልጇ ቤት ድረስ መጣ። ሕፃን ሳለ ጉንጩ ሙሉ ስለነበር ድንቡሼ ብላ ያወጣችለት ስም ዛሬም አልለቀቀውም፤ አሁን ግን የብረት ለበስ ሹፌር ነው፣ ጉንጩም ከስቷል። በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል። የጦር ክፍሉ አዲስ ተሽከርካሪ ደርሶታል፣ ነገ ጠዋት ከእሷው ፋብሪካ ግቢ ተረክበው በቀጥታ ወደ ግንባር ይዘውት ይሄዳሉ። ለጓደኞቹ እናቱ ማን እንደሆነች ነግሯቸዋል። በእሷ ጆሮ ያላለፈ ሸክላ እዚያ ተሽከርካሪ ላይ እንደማይወጣ ሲሰሙ፣ አንዳንዶቹ ለወላጆቻቸው ደውለው አትስጉ ብለዋል። ጆሮ ከንፈሩን እያየች ሁሉንም ተረዳችው። ሳቀችለት፤ ሳቋ ከአንገት በላይ ነበር። ሊተኛ ሲል ብርድ ልብሱን እያለበሰችው ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ቀድማ የፋብሪካውን የምርመራ ክፍል ኃላፊ ማግኘት አለባት። ያስቆሙታል። ሰው ናቸው፤ ሲሰሙ ያስቆሙታል።

ኃላፊው ትሑት ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሰው ሲገባበት ከመቀመጫው ይነሳል። ጠዋት ገና ቢሮው ሳይሞቅ ሄደች። ጆሮዋ ከደከመ መቆየቱን፣ ከእጇ ያለፈውን ሸክላ እንደማታምነው፣ ዛሬ የሚወጣው ተሽከርካሪ መቆም እንዳለበት ሳትጠየቅ ዘረገፈችለት። ለቅጣትም ለእስራትም ዝግጁ ነኝ አለችው። ኃላፊው እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ ወንበር ሳበላትና ከንፈሩን በደንብ እንድታይ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እናውቃለን እኮ» አላት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? ለካ ሕንጻው ሁሉ ያወቀውን ሸሽጌያለሁ የምትለው እሷ ብቻ ነበረች። ኃላፊው ረጋ ብሎ አስረዳት። እሷ ደህና ስትሰማ ቀዩ ሣጥን በየቀኑ ይሞላ ነበር። ምድጃው አርጅቷል፣ ዱቄቱም እንደ ድሮው አይደለም፤ እሷ የምትጥለውን ሁሉ እየጣሉ ቢቀጥሉ ኖሮ በቀጠሮው የሚወጣ ተሽከርካሪ አይኖርም ነበር። ባለፈው ዓመት ሣጥኑ መጉደል ጀመረ። ምክንያቱ ሲገባቸው ሐኪሙን አስቀሩት። ለተኩስ ሙከራ የሚላከውን ሸክላ ደግሞ እሱ ራሱ ደህና ደህናውን መርጦ ነው የሚልከው፤ ስለዚህ ሙከራው ወድቆ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን አላነሳችሁኝም?» አለች። ድምፅዋ ምን ያህል እንደወጣ አላወቀችም።

«ሌላ ሰው ባስቀምጥ ይሰማላ» አለ ኃላፊው።

ልጄ ነው የሚነዳው አለችው። እግዜር ይጠብቀዋል አላት፤ እውነትም ያዘነላት ይመስል ነበር። ወደ በሩ ሲሸኛት ትከሻዋን ያዝ አደረገና ውጭ ወጥታ ብታወራ ምን እንደሚባል እንድታስብበት ለመናት። አረንጓዴው ነጥብ የማን ነው? የሷ ነው። ማን አልፏል አለ? እሷ። እሱ ወረቀት ላይ ያለው እሷ ያለችው ብቻ ነው። ጆሮ ደረጃውን ወርዳ በቀጥታ ወደ ልጇ ሄደች።

መረከቢያው ግቢ ውስጥ ተሽከርካሪው ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። ቀለሙ አዲስ ነው። ሸክላው ከቀለሙና ከውጭኛው ስስ ላሜራ ሥር ተለጥፎ ስለተሸፈነ አይታይም፤ ላሜራው ሙሉ በሙሉ ሳይቀደድ አንዱንም መንቀል አይቻልም። ድንቡሼ ጎማውን እያየ ነበር። እጁን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችውና ሁሉንም ነገረችው፤ ስለራሷም፣ ስለኃላፊውም። ስትናገር ዓይኑን አልሸሸችም። ልጇን በገዛ እጇ እየገደለችው መሰላት።

ድንቡሼ ዞር ብሎ ተሽከርካሪውን አየ። ከዚያ የተሰነጠቁት ሸክላዎች የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቃት።

«አላውቅም፣ ልጄ። አንዱም ላይሆን ይችላል። ግማሹም ሊሆን ይችላል። አላውቅም።»

አትሂድ ብላ ለመነችው። አልሄድም ቢል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ ሹፌር እንደሚያስቀምጡበት፣ ጓደኞቹም ከዚያ ሹፌር ጋር እንደሚሄዱ ነገራት። ለአዛዡ ንገር አለችው። አዛዡ ማንን ይጠይቃል? ኃላፊውን። ኃላፊው ምን ይላል? ይህን ሁሉ የተናገረው ቁጣ በሌለበት ድምፅ እንደሆነ ከፊቱ ታየዋለች፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። በመጨረሻ ወደ ጆሮዋ ሳይሆን ወደ ዓይኗ ጠጋ ብሎ ቀስ አድርጎ ተናገረ።

«እማዬ፣ ለልጆቹ አትንገሪ። ያንን ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚተኙት። እኔ አውቄ ልንዳው፤ እነሱ ይተኙ።»

እሷ መልስ ሳትሰጠው ጓደኞቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ተኳሹ ጢሙን ገና እያሳደገ ያለ ልጅ ነው። እሷን ሲያዩ ቆባቸውን አውልቀው እንደ ራሳቸው እናት ተሽቀዳድመው ሳሟት። ተኳሹ እጇን አልለቀቀም። ስሟን ከድንቡሼ ሰምተው ሰምተው እንደጠገቡ፣ ከመሄዳቸው በፊት ከራሷ አፍ ተሽከርካሪዋ ደህና ናት የሚል ቃል ቢሰሙ ደስ እንደሚላቸው አጫወታት። ድንቡሼ ከኋላቸው ቆሞ ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀ። ጆሮ አየችው። የልጇን ዓይን አየች፣ ጢሙ ገና ያልሞላውን የተኳሹን ፊት አየች። የዚህም እናት አትስጊ ተብላ ይሆናል አለች በልቧ። ከዚያ በላይ መያዝ አቃታት።

«ልጆቼ፣ እኔ ደንቆሮ ነኝ» አለች። «ካለፈው ዓመት ጀምሮ አልሰማም። እዚህ ላይ ያለውን ሸክላ አንዱንም አልሰማሁትም። አትግቡበት።»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ቀድሞ የሳቀው ተኳሹ ነው።

«ድንቡሼ፣ እናቴ ቀልደኛ ነች ስትል ይህን ያህል አልመሰለኝም ነበር» አለ። «እማማ፣ ደንቆሮን አዳማጭ አድርጎ የሚቀጥር ማን አለ?»

ሌሎቹም ፈነዱ። እውነቴን ነው አለች፤ ይባስ ሳቁ። እንባዋ ሲወርድ ሲያዩ የስንብት መሰላቸው፤ ተራ በተራ እንደገና ሳሟት፣ በደህና እንደሚመለሱም ቃል ገቡላት። ከዚያ ገቡ። ድንቡሼ አልሳቀም። እናቱን ግንባሯ ላይ ሳመና ከሁሉም በኋላ ገብቶ ክዳኑን ከላዩ ዘጋው።