ከጃፓን የመጣው አጭር ሰይፍ

አባቴ ከኮሪያ ዘመቻ ሲመለስ አንድ አጭር ሰይፍ ይዞ መጣ። ለዕረፍት ጃፓን በወረደ ጊዜ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛው ነው። ክንድ አይሞላም፣ ስለቱ ግን ፀጉር ይላጫል። በዓመት አንዴ ሲወለውለው ዙሪያውን ተኮልኩለን እናያለን፤ መንካት ክልክል ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ታላቅ ወንድሜ ከአጎታችን ልጅ ጋር በመሬት ድንበር ተጣላ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አልሆነም። አንድ ጠዋት ወንድሜ ሰይፉ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ቆሞ ሲያየው አባቴ ደረሰበት። በነጋታው ሰይፉን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እኔን አስከትሎ አረካ ከተማ አጠገብ ወዳለ ብረት ቀጥቃጭ ሄደ።

«ማጭድ አድርግልኝ» አለው። «ይሄ ነገር ቤቴ ከቆየ ሰው ይገደልበታል።»

ቀጥቃጩ እጀታውን ሲነቅለው ከሥሩ ብረቱ ላይ የተቀረጹ ፊደሎች ወጡ።

«ምን ይላል?»

«የሠሪው ስም ነው አሉኝ። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው።»

«እዚያ አገር ቀጥቃጭ ስሙን ይጽፋል?»

«ይጽፋል። እጅም ይነሱታል አሉ።»

ሰውየው ፊደሎቹን በአውራ ጣቱ ደባበሰ። የእሱን ስም አባቴ እንኳ ጠይቆት አያውቅም። ሚስቱ ቅቅል ጎደሬ አቀረበችልን፤ በእኛ ደንብ ከቀጥቃጭ ቤት አይበላምና አባቴ «ጠግበናል» አለ። ውሸቱን ነው፣ ርቦን ነበር። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ቅዳሜ ማጭዱን ተረከብን። የአባቴ ዓይን ደክሟል፤ እኔ ግን እጀታው አጠገብ የግማሽ ቀዳዳ ቅርጽ አየሁ። የመኪና ባሌስትራ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ሰውየው ሰይፉን ደብቆ በአሮጌ ባሌስትራ ነበር ማጭድ የሠራልን። ቀና ስል እያየኝ ነው፤ ዓይኑ ይለምናል። አሳዘነኝና ዝም አልኩ። አባቴ ሰይፉ የቀለጠ መስሎት በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ወሰደው።

ወንድሜ ግን ሞኝ አይደለም። ለአጨዳ ሲወጣ ማጭዱን አገላብጦ አየና ሳቀ።

«አንቺም አይተሻል፣ አይደል?»

በማግስቱ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ምሳ ላቀርብለት ስነሳ «ቀጥቃጩ ቤት በልቻለሁ» አለኝ። ከዘራችን እዚያ ቤት ቆርሶ የበላ የለም። ያ ሰው ለዚህ ክብር ምን እንደሚከፍል ወዲያው ገባኝ፤ የወንድሜ ኮት በአንድ ጎኑ ተወጥሯል። አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ወጥቶ ሄደ።

አባቴ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ አጎታችን ልጅ ቤት ሮጥኩ። ሚስቱ ደጅ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። እንዲያ ፊቷ በርቶ አይቻት አላውቅም።

«ባልሽ የት ሄደ?»

«ድንበሩ ጋ» አለችኝ። «ወንድምሽ እንታረቅ ብሎ ላከበት፤ ዱላውን እንኳ ሳይይዝ ሄደ።»