ከየጠርሙሱ ትንሽ ትንሽ

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። በሶላት ሱጁድ ላይ ተደፍቼ እንኳ ዙሪያውን እዞራለሁ እንጂ ቃሉን አልናገረውም። እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆናል ድፍረቱን ያገኘሁት።

ሀሊማ የምትባል ሴት ዓይኗ ክፉ ነው ተብሎ ከግቢያችን እንድትወጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው ያስወጣኋት።

ሳቢያን ሰፈር ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ እናቴ ቲማቲም ሲረክስ በሳጥን ገዝታ ለረመዳን ታስቀምጣለች። ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ውሃው እስኪመጥ ታበስለዋለች፣ በተቀቀለ የማርማላታ ጠርሙስ ትሞላዋለች፣ ከላይ ዘይት ታለብሰውና ጥብቅ አድርጋ ትከድነዋለች። እንዲህ ከሆነ ለወራት ምንም አይሆንም። ደረቅና ንጹህ ማንኪያ ካልሆነ ግን አይገባበትም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ነግራኛለች። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት በዚያ ሙቀት ነድጄ ስመጣ እናቴ ጋደም ብላለች፣ ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ቀልተው ይጠሩኛል። ዳቦ ይዤ ከፈትኩ። ከአንዱ ብቻ ብበላ ይታወቅብኛል ብዬ ከየጠርሙሱ ትንሽ ትንሽ ዛቅኩ፤ እየላስኩ፣ በዚያው በላስኩት ማንኪያ። ከዚያ ዘይቱን አስተካክዬ ከደንኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንዱን ጠርሙስ ጥርግ አድርጌ ብበላው ኖሮ የሚጎድለው አንድ ነበር። እኔ ግን ሁሉንም ነካካሁ።

ሀሊማ ከዋሂል ገጠር የመጣች አዲስ ሙሽራ ነበረች። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ከባሏ ጋር ተከራይታ፣ አማርኛዋን ከኦሮምኛ እያቀላቀለች፣ እናቴን «አዴ» እያለች፣ የትም ስትገባ ሳቋ ይቀድማታል። ልጅ ገና አልወለደችም፤ የጎረቤታችንን የዘይነባን ሕፃን ግን ቀኑን ሙሉ አዝላ ትውል ነበር። በዚያው ሳምንት ወንፊት ልትዋስ ገባች። እናቴ ደጅ ድስት ታጥባለች። ሀሊማ ጠርሙሶቹን ስታይ ጮክ ብላ፣

«አዴ! ይሄ ሁሉ የማን ሰርግ ነው? ወላሂ፣ ይሄ አንገት ላይ የሚደረግ ነው እንጂ አይበላም!» አለች።

«ነይ መጀመሪያ ድስቱን እጠቢ፣ ከዚያ አንገትሽ ላይ ታደርጊዋለሽ!» እናቴ ከውጭ ሳቀችባት።

ከዚያ ሀሊማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ ያህል፣ «ማሻአላህ» አለች። አጠገቧ ነበርኩ። ሰማኋት። ደግሜ ልበለው፤ ሰማኋት።

እኛ ዘንድ የሰው ነገር አይቶ ያደነቀ ሰው ይህን ካላለ ዓይኑ ያርፍበታል ይባላል።

ከቀናት በኋላ እናቴ አንዱን ስትከፍት አረፋ ገነፈለ። ሌላው ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። ሌላውም ሸተተ። የስንት ቀን ድካሟ ጓሮ ሲደፋ ቆሜ አየሁ። አልጮኸችም። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች።

«ሀሊማ ያን ቀን ስታደንቅ ማሻአላህ ብላለች?»

«አላለችም።»

«እስቲ በደንብ አስቢው ነኢማ። የሰው ስም ነው።»

«አላለችም አልኩሽ እኮ፣ እማ!»

ጭራሽ ተቆጣኋት። እናቴ በሩን ከፍታልኝ ነበር፤ ለምን አልገባሁበትም? ዱላ ፈርቼ? መትታኝ አታውቅም። ቁጣዋን ፈርቼ? ቁጣዋ እስከ መግሪብ ሶላት እንኳ አይቆይም። ለአንድ ከሰዓት ቁጣ ብዬ ሰው ሸጥኩ።

እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ለዘይነባ ብቻ፣ ለልጅሽ ተጠንቀቂ ብላ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ የሕፃኑ ተቅማጥም የሀሊማ ሆነ፣ የሌላዋ ጎረቤት ዶሮ መሞትም የሀሊማ ሆነ። ሀሊማ ብቅ ስትል ልጆች ፊታቸው ላይ ሻርፕ ይጣልባቸዋል። ለጎረቤት የላከችው ሳምቡሳ ሳይነካ በሳህኑ ይመለሳል። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ጠብቃ ያዘችኝ።

«የኔ እህት፣ ምን አድርጌያችሁ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» ብያት ጀሪካኔን አንስቼ ሄድኩ። «አላለችም» ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ የሚያውቀው ብቸኛ ሰው።

ብዙም ሳይቆይ ባሏ ፍራሻቸውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ወሰዳት። ማንም አልሸኛቸውም።

ባለፈው ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያለች አንዲት እናት ዕቃዋ ሊወድቅባት ሲል አጠገቧ ላለችው ሴት፣ «እህቴ፣ እስቲ ልጄን ያዢልኝ» አለቻት።

«እኔ አልይዝም፣ ዓይኔ ከባድ ነው። ከኋላ ላለችው ስጫት» አለች ሴትዮዋ። ጉንፋን ይዞኛል እንደሚል ሰው ነው ያለችው። ዞር ስትል ሀሊማ ናት።

«ነኢማ! አንቺ ነሽ? አደግሽ እኮ! አዴ ደህና ናት?»

ቂም የለባትም። እንዴት ይኖርባታል? የተባለችውን እሷም አምናዋለች። ሕፃኗን ተቀበልኩ። ሀሊማ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየች ሄደች፤ ሕፃኗ ስትስቅ እንኳ አልዞረችም። «ማሻአላህ ብለሽ ነበር፣ ሰምቼሻለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። «እናቴ ደህና ናት» አልኩና ሕፃኗን መልሼ፣ የምሄድበት ሳልደርስ ወረድኩ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ያኔስ ልጅ ነበርኩ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ማን ነበርኩ? አፉ በሉኝም አልላችሁም። ሐቁ የእሷ ነው፣ አፉ ማለትም የእሷ ነው። እሷ ጋ ከመሄዴ በፊት ደግሞ እናቴ ፊት መቆም አለብኝ፤ የሀሊማን ስም አብረን አጥፍተን እናቴ እስከ ዛሬ እውነት ይመስላታል። አሁን ከግድግዳው ማዶ ልብስ እያጠፈች ነው፣ ስታስል ይሰማኛል። ተነስቼ መሄድ አቃተኝና ለእናንተ ጻፍኩ።