ኋላው የተቆረጠ ሞተር

ልጅ እያለሁ ቤታችን ሁለት ሽታ ነበረው፤ ከደጃፉ ወዲህ የእናቴ የበግ ጠጉር፣ ከደጃፉ ወዲያ የአባቴ ቤንዚን። እናቴ ጠጉር አጥባ፣ አባዝታና ፈትላ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ታሠራለች። አባቴ ደግሞ ግቢያችን ጥግ ላይ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የወፍጮ ሞተርና ብስክሌት ይጠግናል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማያውቅ ሰው ብነግረው አያምነኝም፤ ለሚያውቀው ደግሞ መንገር አያስፈልገኝም። በኅዳር ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይጠብቀናል፤ ትምህርት ቤት የምንሄደው እጃችንን ብብታችን ውስጥ ወሽቀን ነው። እኔ ግን መጠጊያ ነበረኝ። አባቴ ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ሲያሞቅ፣ ጢሱ ከሚወጣበት ቱቦ አጠገብ ቁጢጥ እላለሁ። እናቴ ከቤት ሆና፣ "ያቺን ልጅ ከዚያ አንሣት፤ ጠብሰህ ልታበላኝ ነው?" እያለች ትጮኻለች።

በሰፈራችን ሞተር ብስክሌት የነበረው የእኛ ቤት ብቻ ነው። መንገድ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ፣ አልነሣ ብሎት ጥሎት የሄደውን አሮጌ ሞተር አባቴ ከወደቀበት አንሥቶ ነፍስ ዘራበት። ጥቁርና ግዙፍ ነበር። ከኋላው ሰፊ ወንበር፣ ከወንበሩም ጀርባ የዕቃ መጫኛ ብረት ነበረው። ያ የኋላ ወንበር የእናቴ ነው። በገበያ ቀን ባናዋን ጠቅልላ መጫኛው ላይ ታስርና፣ ነጠላዋን አገጯ ሥር ቋጥራ፣ በአንድ ጎን እግሯን አንጠልጥላ ከአባቴ ጀርባ ትቀመጣለች፤ ወደ አንኮበር ይሄዳሉ። ሲመለሱ ከአልዩ አምባ ከወጡ ነጋዴዎች የሸመተችውን ሎሚና በርበሬ ይዛ፣ ፊቷ በነፋስ ቀልቶ፣ እንደ ሙሽራ እየሳቀች ትወርዳለች። እናቴ ብዙ የምትስቅ ሴት አልነበረችም። ከዚያ ወንበር ስትወርድ ግን ትስቅ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የብሔራዊ ውትድርናው፣ የአፈሳው ጊዜ። ጎረምሳ ወንድ ልጅ ያላት እናት የውሻ ጩኸት በሰማች ቁጥር የምትደነግጥበት ጊዜ ነበር። ብዙ የከተማችን ልጆች ወጥተው ገጠር በየዘመዶቻቸው መንደር ተሸሽገው ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ፈለቀ እነሱን ለማስያዝ መኪና ለምኖ ይወጣል፤ ግን ያገራችን ሜዳ ገላጣ ነው። የመኪናው አቧራ ገና ከሩቅ ሲነሣ መንደሩ ያያል፤ ልጆቹም ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። እዚያ ከገቡ ደግሞ ማን ያወጣቸዋል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ጓድ ፈለቀ ግቢያችን መጣ። ሆዱ የካኪ ሸሚዙን ቁልፎች የሚያስጨንቅ፣ ሲናገር ሰው የማያይ ሰውዬ ነበር። የሞተሩን የኋላ ወንበር በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ "ጋሽ ሽፈራው፣ ይሄ ነገር ባና ሲያመላልስ ሊኖር ነው?" አለው አባቴን።

"ሌላ ምን ያመላልስ ጓድ?"

"አብዮቱን ነዋ! ከሰኞ ጀምሮ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ እቺ ላይ ቁጭ እላለሁ። በእግር መንገድ፣ በማሳው መሀል ሹልክ ብለን ደጃፋቸው ላይ ነው። ማን ያየናል?"

አባቴ እጁን በጨርቅ መጥረጉን አላቆመም። "የኋላው ብረት ሳይሰነጠቅ አልቀረም" አለ ቀስ ብሎ። "እስከ ሰኞ ልየው።"

ሰውዬው ሲወጣ እናቴ እንዝርቷን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉን ሰምታለች። መጀመሪያ ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ "በእኔ ወንበር ላይ?" ነው ያለችው።

አባቴ ጉዳዩን አስረዳት። እምቢ ቢል ያስሩታል፤ ሞተሩንም ወስደው ለሌላ ነጂ ይሰጡታል፤ ያው ጓድ ፈለቀ ከኋላ ይቀመጣል። ሞተሩን ሰብሮት አይሠራም ቢል ደግሞ የባሰ ነው፤ አሻጥር ይባላል፤ በአሻጥር የተያዘ ሰው ደግሞ በቀላሉ ወደ ቤቱ አይመለስም። እናቴ እንዝርቷን እያዞረች አዳመጠችው። ከዚያ፣ "እንግዲያ ወንበሩን ቁረጠው" አለች።

"ምን?"

"ወንበሩን። ከነብረቱ፣ ከሥሩ።"

"አንቺስ አስካል?"

"እኔ እግር አለኝ" አለችና ገባች።

አባቴ ሞተሩን ቆሞ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ፊቱ ላይ አይቼው የማላውቀው ፈገግታ መጣ። ልጅ ሳለ አሥመራ ጋራዥ ውስጥ ተለማማጅ ነበር። እዚያ የጣሊያን ጎረምሶች ሞተራቸውን ገፍፈው፣ መሪውን ዝቅ፣ ወንበሩን ለአንድ ሰው ብቻ አድርገው፣ እንደ ፈረስ ጋላቢ ሆዳቸው ላይ ተኝተው ከአንዱ ቡና ቤት ወደ ሌላው ሲሽቀዳደሙ ያይ ነበር። "የቡና ቤት ሞተር" ይለዋል እሱ። "አየሽ ሙሉ" አለኝ፣ "ሞተሩ መሄድ አለበት። ከድሮውም አምሮ፣ ከድሮውም ፈጥኖ መሄድ አለበት። ተበላሸ የሚል ሰው እንዳይገኝ። ግን ለአንድ ሰው ብቻ።"

ቅዳሜና እሑድ ግቢያችን ፋብሪካ ሆኖ ዋለ። አባቴ በብረት መጋዝ የኋላውን ሻንሲ ሲቆርጥ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ጩኸት ነበረው፤ አልደበቀውም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ከፍቶ ነው የቆረጠው። መጫኛው ወደቀ። የጭቃ መከላከያዎቹ ወለቁ። መሪውን ገልብጦ ዝቅ አድርጎ አሰረው፤ የእግር መርገጫዎቹን ወደ ኋላ አራቃቸው። እኔ ደግሞ የቤንዚን ታንኩን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እንድፍቅ ታዘዝኩ። ጣቶቼ እስኪላጡ ፈተግኩት። ከጥቁሩ ቀለም ሥር ብረቱ ብልጭ ሲል የተሰማኝን ደስታ ምን ልበላችሁ፤ ፊቴን አየሁበት። ጎረቤታችን እትዬ በለጡ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ "ኧረ ሽፈራው፣ ሞተሩ ምን በደለህ?" ስትል፣ አባቴ ቀና ሳይል፣ "እያሳጠርኩለት ነው፣ ረዘመበት" አላት።

የነጂውን ወንበር የሠራችው እናቴ ናት። ከአሮጌ ኮርቻ ቆዳ ቆርጣ ሰፋች፤ ጫፉ እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ ያለ ጠባብ ወንበር። በውስጡ የጠቀጠቀችው የሙክት ጠጉር ነው፤ ሳይታጠብ፣ ከነቅባቱ። አባቴ ለምን አላጠብሽውም ሲላት ሳቀችበት። "የታጠበ ጠጉር ውኃ ይጠጣል፤ ያልታጠበ ግን ዝናቡን ያንሸራትታል። በግ ክረምቱን ሜዳ ላይ የሚያሳልፈው ታጥቦ ነው እንዴ?" እውነቷን ነው። ጠጉር በሚፈተልበት አገር ይህን የማያውቅ የለም። ያላሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በግ ከሥሩ ሞተር የለበትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሊሞክረው ወጣ። ሲሄድ ግሩም ነበር። ሆዱን ታንኩ ላይ አስተኝቶ፣ አገጩን ወደ ፊት ሰድዶ፣ ያ የአርባ ዓመት ሰው ጎረምሳ ሆነ። ድምፁ ከሩቅ እያገሣ ሲመለስ ግን ሌላም ድምፅ አብሮት ነበር። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተከትሎታል! ከሞተሩ የሚነሣው ሙቀት ወንበሩን ሲያሞቀው ጠጉሩ ሙክት ሙክት ሸትቶ፣ ውሾቹ አብደዋል። አባቴ በሩን ዘግቶ ሲገባ የሱሪው ጫፍ ተቀዷል። እናቴ ጭንቅላቷን ያዘች። "ምነው እንዲህ ያለ ነገር ሠራሁ! ነገ ሰዎቹ ሲሄዱ ፈትቼ አጥበዋለሁ" አለች። ቆዳው በጠንካራ ሲባጎ ተሰፍቷል፤ በዚያች ሰዓት የሚሆን ነገር አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ፈለቀ ጠመንጃ ካነገቡ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጋር መጣ። የሰፈሩ ሰው ከየበሩ ብቅ ብሎ ነበር። ሞተሩ በፀሐይ እያብረቀረቀ ግቢው መሀል ቆሟል። ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ገና ልጅ ነው፣ "አቤት ሲያምር!" ብሎ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

"ኋላው የታለ?" አለ ጓድ ፈለቀ።

"ብረቱ አላስተማመነኝም ጓድ፤ ቆረጥኩት። እርስዎን ጭኖ ቢሰበር ማን ይጠየቃል?"

"ታዲያ መልሰህ ግጠመው!"

"የሚገጠምበት የለውም። ይዩት።"

ሰውዬው አየው። ዞሮ ዞሮ አየው። ፊቱ መቅላት ጀመረ። እናቴ እጇን አጣጥፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ እኔ ቀሚሷን ጨብጫለሁ። ጓድ ፈለቀ ድንገት፣ "እኔው ራሴ እነዳዋለሁ! አዲስ አበባ ሳለሁ ቬስፓ ነድቻለሁ" አለና ወጣበት።

ቬስፓ ላይ ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ እንደ ወንበር። ይህ ግን ያስተኛል። ሆዱ ታንኩ ላይ ተዘረገፈ፤ መሪውን ለመያዝ ተንጠራራ፤ ቆቡ ወደቀ። አባቴ በትሕትና ቆቡን አንሥቶ ሰጠው፤ ሞተሩንም አስነሣለት። እየተንገዳገደ ወጣ። እስከ መታጠፊያው ድረስ አየነው። ከዚያ መጀመሪያ አንድ ውሻ ጮኸ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ የደብረ ብርሃን ውሻ በሙሉ የተጠራራ መሰለን።

ሲመለስ በእግሩ ነበር። ጥበቃዎቹ ሞተሩን እየገፉ፣ ውሾቹን በሰደፍ እየመከቱ ከኋላው ይመጣሉ። ሱሪው ጭቃ ነው፤ ወገቡ ተይዞ ጎንበስ እንዳለ ቀርቷል። ሰዉ ሁሉ ሳቁን ዋጠ። በዚያ ዘመን ሳቅም ያሳስራል። በዚያ ዝምታ መሀል የእናቴ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ክብር ባለው አነጋገር መጣ፤

"ቀና ይበሉ እንጂ ጓድ፤ ደርሰዋል።"

ከአጥሩ ወዲያ እትዬ በለጡ ናት የጀመረችው። ከዚያ ማን ማንን ያቁም? ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ያ ልጅ እግሩ ጥበቃ እንኳ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴን የወሰዱት ያኔውኑ ነው። ሲወጣ ወደ እኛ ዞር ብሎ፣ "እዚህ ቤት የሚያለቅስ እንዳይኖር" አለን፤ አላለቀስንም። እናቴ ስንቁን ይዛ ቀበሌ ስትሄድ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ነው የሄደችው። እኔም ተከትያት በፍርግርጉ በኩል አየሁት። አሻጥር ሠርተሃል ሲሉት የመለሰላቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "ሞተሩ ይሄዳል ወይስ አይሄድም?" አስነሥተው ነዱት፤ ይሄዳል። ከቀድሞው ይልቅ ይሄዳል። ለጥበቃ እንስጠው ቢሉም አንድ ሰው ብቻውን ወደ ገጠር ሄዶ ማንን ይዞ ይመለሳል? ጠመንጃውንም ራሱንም የሚያጣ መስሎት እያንዳንዱ እምቢ አለ። በመጨረሻ አባቴንም ሞተሩንም ለቀቋቸው። አባቴ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ በሞተሩ ጎንበስ ብሎ ሰፈራችን ሲገባ ልጆች በሙሉ ከኋላው ሮጥን።

አፈሳው አልቆመም፤ ቆመ ብዬ አልዋሽም። ስንቱ ተያዘ፣ ስንቱ አመለጠ፣ አላውቅም። ጓድ ፈለቀ እንደ ድሮው መኪና እየለመነ፣ አቧራውን እያስነሣ ሄደ። አቧራው ከሩቅ ታየ። በአባቴ ሞተር ግን የተለቀመ የማንም እናት ልጅ የለም።

እናቴ ከዚያ ወዲህ አንኮበር የምትሄደው በአውቶቡስ ሆነ። አባቴ ብቻውን ጎንበስ ብሎ አውቶቡሱን ሲቀድም፣ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ስትሰድበው የሚሰማው ሰው ሁሉ ይስቃል። ከሞተር ስትወርድ ትስቀው የነበረውን ሳቅ ግን ደግሜ አልሰማሁትም። ደርግ የወደቀ ጊዜ አባቴ ብረት ገዝቶ መጣ፤ "አሁን መልሼ ልበይድልሽ" አላት። እናቴ ሞተሩን ቆማ አየችው። "ተወው፤ እንደተቆረጠ ይታይ" አለችው። ተወው።

ዛሬ አባቴ የለም፤ ነፍሱን ይማረው። በደብረ ብርሃን ጎዳና ጎረምሶች ሞተራቸውን አስቆርጠው፣ መሪውን አስጎንብሰው ሲያልፉ አያለሁ፤ ለምን ስላቸው "ያምራላ እማማ!" ይሉኛል። እሰየው እላለሁ። ለማማር ብቻ የሚቆረጥበት ጊዜ መምጣቱን ስንቱ ሳያይ ቀረ። ከኋላቸው የሚወዷትን ካስቀመጡ ያስቀምጣሉ፣ ካላስቀመጡም የሚጠይቃቸው የለም።

እናቴ ግን አርጅታም ወደ ኋላ ወንበር አልተመለሰችም። ሚኒባስ ስንሳፈር ከሹፌሩ አጠገብ ጋቢና ካልሆነ አልገባም ትላለች፤ ሞልቷል ሲሏት ሌላ ትጠብቃለች። ባለፈው ረዳቱ ቸኩሎ፣ "እማማ፣ ከኋላ ባዶ ወንበር አለ፣ ምን ችግር አለው?" አላት። ከዘራዋን መሬት ላይ ተከለችና፣ "እኔ ከኋላ የተቀመጥኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው" አለችው።