በር ከፋቿ አርፋጅ ተባለች

ዛሬ ጠዋት ግምገማ ላይ «አዴ አስቴር ሁልጊዜ ታረፍዳለች» ተብሎ ተነበበብኝ።

እናንተ ሰዎች፣ የመሥሪያ ቤታችንን በር በየጠዋቱ የምከፍተው እኔ ነኝ! ዘበኛችን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቁልፉ ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ቢሮ ከአለቃችን ጋር ምሳ የሚበሉ አራት ሰዎች አሉ። የሁላችንንም ነጥብ እዚያው ምሳው ላይ ሞልተው ይጨርሱታል። እኔ ምሳዬን ከቤት ስለማመጣ አልታደልኩም። 😄

ባለፉት ሁለት ግምገማዎችም ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጥተውኝ ፈርሜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራው አስጠላኝ። መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ የመውጫ ሰዓት ብቻ ነበር የማየው።

ዘንድሮ ግን ለደረጃ ዕድገት ተወዳድሬያለሁ። ይህ ነጥብ ከወረደ ዕድገቱም አለቀለት።

ተነሳሁና «ኦቦ ታደሰ፣ እኔ ካረፈድኩ እናንተ በየት ገባችሁ? በመስኮት ነው?» አልኩት አለቃችንን።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌራችን ቶሌራ በኦሮምኛ «ዱጉማ!» ብሎ፣ «እውነቷን ነው፣ እኔንም የምትከፍትልኝ እሷ ናት» ብሎ ጮኸ።

አራቱ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ኦቦ ታደሰ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ይስተካከል» አለ። ነጥቤ እዚያው በሁሉም ፊት ተስተካከለ!

ከሰዓት በኋላ አንድ አባት ፋይል ፈልገው ከአርጆ መጡ። እንደ ሰሞኑ ቢሆን «ነገ ይምጡ» እላቸው ነበር። ዛሬ እያዜምኩ ፈልጌ ሰጠኋቸው፤ እስከ በሩም ሸኘኋቸው።

እስቲ እናንተም አጫውቱኝ፤ ባልሠራችሁት ጥፋት ተገምግማችሁ ታውቃላችሁ? ምን ብላችሁ መለሳችሁ?