ለናሙና የሄደው ቱቦ

አማቴ ደረታቸውን ታመው ክረምቱን ሙሉ የከረሙት እኛ ቤት፣ ሶዶ ነው። ሐኪሙ ከጭስና ከብርድ ይራቁ አላቸው። እኔ ደግሞ ባለመኪና አማች ነኝና ለጊፋታ ዲምቱ ቤትዎ አደርስዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። በእሳቸው ግቢ እሳቸው ቆመው ሳይመርቁ ሥጋ አፉ ያደረገ ሰው ኖሮ አያውቅም። ልጆቻቸው ራሳቸው አያት ወደመሆኑ ተቃርበዋል፤ የዚያን ቀን ግን ቢላዋ ይዘው የአባታቸውን አፍ ነው የሚያዩት።

መኪናዬ ድርብ ጋቢና ፒክአፕ ናት፤ ናፍጣ፣ ባለ ቱርቦ። በእሷ ከየገበያው ዝንጅብል እሰበስባለሁ። ስገዛት ሻጩ "አዲስ ሞተር ገብቶላታል" ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አዲስ ማለት ከሌላ ዓይነት መኪና የወጣ ማለት እንደሆነ የገባኝ ዕቃ ፍለጋ ስጀምር ነው። ለአካሏ ስጠይቅ ሞተሯ ይከለክላል፤ ለሞተሯ ስጠይቅ አካሏ አይቀበልም።

ነሐሴ ላይ ከቱርቦው ወደ ማርሚታው፣ ወደ ድምፅ ማፈኛው፣ የሚወርደው የጭስ ቱቦ ተሰነጠቀ። ዳገት ላይ ጉልበት ከዳት፤ ድምፅዋ የወፍጮ ቤት ሆነ፤ ጭሱ ደግሞ በመሪው ሥር እየሾለከ ጋቢና መግባት ጀመረ። እኔ መስኮት ከፍቼ፣ አንገቴን አውጥቼ እነዳለሁ። እሳቸውን በዚያ ጋቢና ዲምቱ ድረስ መውሰድ ግን በገዛ እጅ መግደል ነው። ስንጥቁን በያጁ ደጋግሞ ለጥፎታል። አሁን ብረቱ ሳስቶ እሳት በነካው ቁጥር እንደ ወረቀት ይበሳል።

ሜካኒኩና በያጁ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም።

"ስማ አለቃ" አለኝ ሜካኒኩ፣ "ቱርቦ ማለት እንደ ሰው የሚተነፍስ ነገር ነው። መውጫውን ካጠበብክበት ይታፈናል። ይሄ ሰውዬ የውሃ ቱቦ ቆራርጦ ነው የሚቀጥልልህ፤ ውስጡ በየመጋጠሚያው ጉብ ጉብ ይላል። ፋብሪካ አንድ ወጥ አድርጎ ያጠፈውን፣ ዝግጁውን ከመርካቶ አስመጣ።"

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ዝግጁው ለማን ነው የተዘጋጀው? ለሞተሯ ነው ለቻሲዋ? ጋሼ፣ እኔ እሷን እያየሁ ነው የምሠራላት፤ እንደ ጠማማነቷ።"

"በለው! ጠማማ ነው የምሠራልህ አለህ እኮ፤ በራሱ አፍ!"

እኔ ድሮ ልብስ ነግጃለሁ። በልክ በሚሰፋና ተሰፍቶ በሚመጣ ሱሪ መሃል ያለውን ልዩነት ለስንቱ ደንበኛ አስረድቻለሁ፤ የማስረዳው ደግሞ እጄ ላይ ባለው ዓይነት ነበር። ስለዚህ የሁለቱም ወሬ ገባኝ፤ ሁለቱንም አላመንኩም። ነጋዴ ሁለት ሻጭ ካገኘ አንዱን ሲያናግር ሌላውን በዓይኑ ይይዛል። እኔም ሁለቱንም ያዝኩ።

መርካቶ የማውቀው የመለዋወጫ ነጋዴ ጋ ደወልኩ። "የኔ ጌታ፣ ናሙናውን ላክልኝ፤ አጠገቡ አስቀምጬ መንትያውን እመርጥልሃለሁ" አለኝ። እኛ አገር ዕቃ የሚያዘው እንዲህ ነው። ፎቶ የሚያምን የለም፤ ያረጀው ዕቃ ተፈትቶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ለአውቶቡስ ሹፌር ይሰጣል። ቱቦውን አስፈታሁና ላክሁ። ለበያጁም "እዚያ ከጠፋ አንተ ትሠራልኛለህ፤ አደራ ጠብቀኝ" አልኩት። "ችግር የለውም ጋሼ" አለኝ። ከረጢቱን ያሰረልኝ እሱ ራሱ ነበር።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። መርካቶው ዛሬ "ነገ ኮንቴይነር ይከፈታል" ይላል፤ ነገ ደግሞ "ባለቁልፉ ለቅሶ ሄደ"። ቤት ስገባ አማቴ ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

"መኪናዋ ዛሬስ ተሻላት?"

"ደህና ናት አባባ፤ ዕቃ ነው የምትጠብቀው።"

"እኔም እሷን" ይሉና ሳል ይይዛቸዋል።

ከልጃቸው ጋር በወላይትኛ ነው የሚያወሩት፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ። የእኔ ወላይትኛ የገበያ ነው፤ ዋጋ ያወርዳል፣ ጠብ ይመልሳል። የታመመ ሽማግሌ ለማጽናናት ግን አንዲት ቃል አይወጣውም። ስለዚህ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

በዓሉ ሲቃረብ በያጁ ራሱ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ነገ በማለዳ ወደ ቦዲቲ፣ ወደ ቤተሰብ መሄዴ ነው። የቅርጫው በሬ ተገዝቷል። ቱቦውን አሁን አምጣውና ልቁረጥልህ።"

"የቱን ቱቦ?"

"አሮጌውን ነዋ! እሱን አጋድሜ አይደል የምለካው?"

"እሱማ ገና ከመርካቶ አልተመለሰም፤ ከረጢቱን ያሰርከው አንተው አይደለህ?"

ጋራዥ ስደርስ መኪናዋ ሥር ተንጋሎ፣ ቱቦው የነበረበትን ባዶ ቦታ ያያል።

"በሽቦ ልለካው እችላለሁ" አለ ከሥር። "ግን በመሪው ዘንግና በቻሲው መሃል ነው የሚያልፈው። አንድ ጣት ከሳትኩ ይነካል። እያስገባሁ፣ እያወጣሁ፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል።"

"ነገን ዋልልኝ በቃ። ምን ላድርግልህ?"

ወጥቶ እጁን ጠረገ። "ጊፋታን በሳምንት ግፋልኝ።"

ሜካኒኩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ባለ ዝንጅብል ቢሆን እሄዳለሁ ብዬ ጀርባዬን ስሰጠው ይጠራኝ ነበር። ይሄኛው ጀርባዬን ብሰጠው የሚሄደው እሱ ነው።

ዝግጁው ቱቦ በዋዜማው በአውቶቡስ ደረሰ። የሚያብረቀርቅ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ። አሮጌውም አብሮት ተመልሷል፤ ጎን ለጎን ሲታዩ እውነትም መንትያ ይመስላሉ። ሜካኒኩ ሥር ገባ። የቱርቦው ጫፍ ቁጭ አለ። "አላልኩህም!" ብሎ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ቱቦውን ሲገፋ፣ ሲያንኳኳ ሰማሁት።

"ምን ሆነ?"

"ታች ቻሲው ያዘው። ከማርሚታው አፍ በአንድ መዳፍ ያህል ወደ ጎን ሄዷል።"

መርካቶ ደወልኩ። "ትንሽ ነው ልዩነቱ፣ የኔ ጌታ። አንድ ቦታ ቆርጠህ ማስበየድ ነው።"

ሁለታችንም ወደ በያጁ በር ዞርን። ቆርቆሮው በሰንሰለት ታስሯል። ከተማውን ዞርኩ፤ በያጅ የተባለ ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ሄዷል። ክፍት ያገኘሁት አንድ የአልጋ በያጅ ብቻ ነው፤ እሱም መኪናዋን ሳያይ ገና "ቱርቦ" ስለው እጁን አራገበ። "ወንድሜ፣ የበዓል ቀን አታጣላኝ።"

ሌላ መኪና አልጠየቅኩም አይደለም። በዚያ ሳምንት መንቀሳቀስ የሚችል ነገር ሁሉ በሬና ሰው ጭኗል። ሚኒባሱ በአንድ ወንበር አራት አድርጎ ነው የሚያስገባው፤ እዚያ ጤነኛም ይታፈናል። አንድ ጓደኛዬ ብቻ "ጋቢናዬ ባዶ ነው፣ ይምጡ" አለኝ። ሮጬ ሄድኩ። የተፈጨ በርበሬ ጭኖ ነበር፤ ሰላም ስለው ራሴ አስነጠስኩ።

በበዓሉ ጠዋት አማቴ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁን። ባለቤቴ መኪናዋ እንዳልተሠራች በወላይትኛ ነገረቻቸው። ረጅም ነገር ነበር የተናገረችው። መልሳቸው ግን አጭር ነበር፤ እኔም ገባኝ፤ ደውሉ ነው ያሉት።

ዲምቱ ደወልን። ታላቅየው ልጃቸው ስልኩን ለግቢው ሁሉ እንዲሰማ ከፈተው፤ የልጆች ጫጫታ መጣ፣ ዝም በሉ የሚል መጣ፣ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። እኔ ስልኩን አፋቸው አጠገብ ያዝኩላቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸውን ወደ ዲምቱ ዘርግተው ምርቃቱን ጀመሩ። እኛ ከዚህ አሜን እንላለን፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው አሜን ይላል። እያሳሉ፣ እያረፉ ቀጠሉ።

መሃል ላይ የዚያኛው አሜን ቀረ። ስልኩን አየሁት፤ መስመሩ ተቋርጧል። የትኛው ምርቃት ላይ እንደተቋረጠ አላውቅም። ባለቤቴን አየኋት፤ እሷም አይታዋለች። ዓይናቸው እንደተጨፈነ፣ በዚያች ትንፋሽ እየመረቁ ናቸው። ማቋረጥ አልቻልኩም። የተቋረጠውን ስልክ እንደያዝኩ፣ የቀረውን አሜን ሁለታችን ጮክ ብለን አልነው።

ጨርሰው ዓይናቸውን ገለጡ።

"ብሉ በላቸው" አሉኝ።

ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ ስደውል መስመሩ አይገኝም ተባልኩ። የሌላውን ልጅ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ዲምቱ ላይ ያ ሁሉ ሰው ቢላዋ ይዞ፣ ምርቃቱ አልቆ ይሁን ተቋርጦ ሳያውቅ ቆሞ ታየኝ።

"ይቀመጡ አባባ፣ እንዳይደክምዎት" አልኩ።

"እነሱ ሲበሉ" አሉኝ፣ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው።

እንደገና ደወልኩ።